የሰጋቱራ ምድጃ፦ ከቀለም ጣሳ እስከ ግማሽ በርሜል

ሳምንት 1፦ ሰጋቱራ መረጣ

ዕቅድ፦ መጀመሪያ በ20 ሊትር የቀለም ጣሳ የድስት ምድጃ፤ እሱ ከሠራ በግማሽ በርሜል የእንጀራ ምጣድ የሚሸከም። ነዳጁ ከእንጨት ማሽን ቤት የሚጠረግ ሰጋቱራ ብቻ።

ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ከመጋዝ የሚረግፈውን ማለት ነው። እኛ ግን ከማሽን ሥር የሚጠረገውን ሁሉ ሰጋቱራ እንለዋለን፣ ለምድጃ ሲሆን ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ከክብ መጋዝና ከሪባን መጋዝ የሚወጣው ሻካራ፣ ፍርፋሪ የመሰለ ነው፤ የሚፈለገው እሱ ነው። ከመላጊያ ማሽን የሚወጣው ጥቅልል ፍቅፋቂ ነው፤ ቢጠቀጠቅም አይያያዝም፣ ሲነድ ቦግ ብሎ ያልቃል። ከብርጭቆ ወረቀት ማሽን የሚወጣው ደግሞ እንደ ሽሮ የላመ ነው፤ አየር ያፍናል፣ እሳት አጠገብ ከተበተነ ደግሞ በአንዴ ይለኮሳል።

አምስት ማዳበሪያ ተገዛ፣ አንዱ 60 ብር። (ማዳበሪያ ስንል ከረጢቱን ነው። እውነተኛው ማዳበሪያ ሳምንት 7 ላይ ይመጣል።)

የመጀመሪያው ስህተት፦ ሁለቱ የተመረጡት ከባድ ስለሆኑ ነው። በሚዛን 30 ኪሎ አካባቢ ሆኑ፣ ቀላሎቹ 21 ኪሎ ተኩል። የሁሉም ቁመትና ውፍረት እኩል ነው፤ ትርፉ ውሃ ነው። ለማረጋገጥ ከከባዱ መሃል 1 ኪሎ ተወስዶ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ፣ ከዚያ ለብ ባለ ምጣድ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ተገላበጠ። 640 ግራም ቀረ። ከቀላሉ 870 ግራም ቀረ። ማለትም አንዱ 36 በመቶ ውሃ ነው፣ ሌላው 13 በመቶ። ትኩስ የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ሁሌም እንዲህ ነው። ሚዛን ከሌለ በጭብጥ ይታወቃል፦ ጨብጦ ሲለቀቅ እንደ ቡኮ ተያይዞ ከቀረና መዳፍ ካረጠበ አይነድም።

ከቀላሎቹ በአንዱ ውስጥ ቡናማ፣ ልስልስ ያለ ብናኝ ተደባልቆ ተገኘ። የኤምዲኤፍ ነው፣ የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ። ሙጫው ፎርማልዲሃይድ ያለበት ስለሆነ ምግብ የሚበስልበት ምድጃ ውስጥ አይገባም፤ በወንፊት መለየትም አይቻልም። ማዳበሪያው በሙሉ ተለየ፣ 60 ብር ኪሳራ። የቺፑድና የኮምፔንሳቶም ነገር ያው ነው። አረንጓዴ ቀለም ያለው ሰጋቱራ ከተገኘ የበለጠ መጥፎ ነው፦ በመድኃኒት ከተነከረ ምሰሶ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱ መዳብ፣ ክሮምና አርሴኒክ ነው። አርሴኒክ በእሳት አይጠፋም፤ ወይ በጭስ ይወጣል ወይ አመድ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ማሽን ቤት ሲገዛ የሚጠየቀው «ዛሬ ምን ሰነጠቃችሁ?» ነው፣ ዋጋው ቀጥሎ።

ሲገለበጥም ሲነፋም አፍና አፍንጫ ይሸፈን። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ምድብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በተለይ የአፍንጫ ካንሰር።

ሳምንት 2፦ ማድረቅ

ሁለቱ እርጥብ ማዳበሪያዎች ሸራ ላይ ተሰጡ። መጀመሪያ 15 ሴ.ሜ ውፍረት ተደረገ፤ በሁለተኛው ቀን ላዩ ደርቆ ሥሩ ሞቆ ተገኘ፣ እጅ ሲገባ ለብ ይላል፣ የሻገተ ሽታ አለው። እርጥብ ሰጋቱራ ሲከመር በራሱ ይሞቃል። ወደ 5 ሴ.ሜ ተበተነ፣ ጠዋትና ቀትር ላይ በሬክ ተገላበጠ። የኅዳር ፀሐይ ነው፣ በሦስት ቀን ደረቀ። ማታ ማታ ሸራው ይታጠፋል፣ ጤዛው የቀኑን ሥራ ይመልሰዋል።

በስምንት ሚሊ ወንፊት ተነፋ። ስንጣሪ፣ ቅርፊትና ሁለት ምስማር ወጣ። ስንጣሪው ለማቀጣጠያ ተቀመጠ።

ከደረቁት አንዱ የፈረንጅ ጽድ ነበር። ሙጫ ስላለው ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ግን የድስት ቂጥ ያጠቁራል። ከባሕር ዛፉ ጋር አንድ ለአራት ተደባለቀ። አዲስ አበባ ላይ ያለ ባሕር ዛፍ መሥራት ይከብዳል፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የከተማው ማገዶም አጣናም እሱ ነው።

ሳምንት 3፦ ጣሳው

የብረት የቀለም ጣሳ ከምናለሽ ተራ፣ 200 ብር። ወርዱ 29 ሴ.ሜ፣ ቁመቱ 35። በመጀመሪያ ባዶውን ሜዳ ላይ በጭራሮ እሳት ተቃጠለ፣ የቀለሙ ቅሪት ነዶ እስኪያልቅ። ጭሱ መጥፎ ነው፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መቆም ነው።

ከታች ጠርዙ 2 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ በጎኑ 6 ሴ.ሜ ቀዳዳ ተቆረጠ። በትራፓኖ ዙሪያውን ተበስቶ በመሮ ተቀነጠሰ፣ ጠርዙ በሞረድ ተሞረደ። ይህን «አፍ» እንለዋለን። ከአፉ ገብቶ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣውን ባዶ ቦታ «ጉሮሮ» እንለዋለን። አፉ ፊት ከላሜራ ቁራጭ ወደ ጎን የሚንሸራተት በር ተሠራ። ላይኛው ጠርዝ ላይ ሦስት ረጃጅም ብሎኖች በዳዶ ታሰሩ፤ ድስቱ ከጠርዙ 3 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ነው። ድስት ጠርዙ ላይ ከተገጠመ ጭሱ መውጫ ያጣና እሳቱ ይታፈናል።

የጉሮሮ ቅርጽ ማውጫ፦ 50 ሚሊ የፒቪሲ ቱቦ ሁለት ቁራጭ፣ አንዱ 45 አንዱ 30 ሴ.ሜ። በብዙ ቤት ጠርሙስ ነው የሚጠቀሙት፣ ይሠራል፤ ግን ጠርሙስ አጭር ስለሆነ እየተሞላ ሲሄድ ወደ ላይ መሳብ አለበት፣ ሲሳብ ደግሞ ግድግዳው ይላጣል።

ሳምንት 4፦ ሙከራዎች

አሞላሉ፦ አግድም ቱቦው በአፉ ገብቶ መሃል ይደርሳል። ቀጥታው ቱቦ ጫፉ ላይ ይቆማል። ሰጋቱራው በ5 በ5 ሴ.ሜ ንብር ይገባል፣ እያንዳንዱ ንብር በ10 በ10 ሞራሌ ቁራጭ ዙሪያውን ይጠቀጠቃል። 28 ሴ.ሜ ሲደርስ ይቆማል። ቀጥታው ቱቦ እየተጠመዘዘ ይወጣል፣ ከዚያ አግድሙ። ከላይ ሲታይ ከአፉ የሚገባው ብርሃን ካልታየ መገናኛው ተንዷል፣ በሽቦ ይጠረጋል።

ሙከራ 1። በእጅ ብቻ ተጫነ። ጣሳው የያዘው 2.9 ኪሎ ነው። ተቀጣጠለ፣ ጥሩ ነበልባል ሰጠ፣ በ25ኛው ደቂቃ ግድግዳው ወደ ጉሮሮው ተደረመሰና ጭስ ብቻ ሆነ። ድስት ሲነሳ ጣሳው ተነቃንቆ ነበር፤ ላላ ያለ ሙሌት ትንሽ ግጭት ይበቃዋል።

ሙከራ 2። ቁጭት ነው መሰለኝ፣ በእግር ተረገጠ፣ 4.9 ኪሎ ገባ። «ይያያዝ» ተብሎ ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት ዱቄት ተጨመረበት። ለአርባ ደቂቃ ጨሰ፣ ነበልባል ሳያወጣ ጠፋ። ሁለት ነገር በአንዴ ስለተቀየረ የትኛው እንዳጠፋው አይታወቅም፤ ቀኑ ባከነ። በማግስቱ ያለ ዱቄቱ 4.9 ኪሎ ተደገመ፦ ነደደ፣ ግን ነበልባሉ ከጉሮሮው አፍ አላለፈም። ስለዚህ ያጠፋው ዱቄቱ ነው፣ ያዳከመው ጥቅጠቃው።

ሙከራ 3። 4.1 ኪሎ። አውራ ጣት ሲጫነው አንድ ሴ.ሜ ያህል ብቻ ይሰምጣል። ከዚህ በኋላ ጥቅጠቃ በዓይን ሳይሆን በሚዛን ሆኗል፦ ጣሳው ባዶውን ተመዝኖ፣ 4 ኪሎ ሲጨምር ይበቃል።

ማቀጣጠያው የስንጣሪ ጭብጥና ወረቀት ነው፣ በአፉ በኩል። ነጭ ጋዝ ከላይ ማፍሰስ አይገባም፤ ጉሮሮው ውስጥ የተጠራቀመው ትነት ክብሪት ሲነካው «ቡፍ» ብሎ ፊት ላይ ይመጣል፣ የራሰውም ግድግዳ ይናዳል።

ጠዋት 3 ሰዓት ከ10 ተለኮሰ። ለሩብ ሰዓት ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ጠራ። 3 ሊትር ውሃ ለመፍላት 45 ደቂቃ ፈጀ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ 3 ሊትር ተጣደ፦ 20 ደቂቃ። (አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ዝቅ ያለ አገር የሚሞክር ጥቂት ይጨምር።) እሳቱ 8 ሰዓት ከሩብ ላይ አለቀ። የተረፈው አንድ ጭብጥ አመድና ጥቂት ከሰል።

በሁለቱ ውሃ መካከል ያለው ልዩነት የምድጃውን ባሕርይ ይናገራል። የሚነደው የጉሮሮው ግድግዳ ነው። ጉሮሮው መጀመሪያ 5 ሴ.ሜ ነው፤ እየነደደ ሲሰፋ የሚነደው ገጽ ይሰፋል፣ እሳቱም ይበረታል። ሰጋቱራው ነዳጅም ነው፣ ግድግዳም ነው፣ ጭስ ማውጫም ነው፤ ጣሳው ያቅፈዋል እንጂ ብዙ ሥራ የለውም። እንጨት እንደመጨመርና እንደማውጣት እሳቱን ማዘዝ አይቻልም። በሩ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም መቀነስ እንጂ መጨመር አያውቅም። ስለዚህ ጠዋት የሚጣደው ንፍሮ ወይም ባቄላ ነው። ሽንኩርት ማቁላላት ሁለተኛው ሰዓት ላይ ይሁን።

በሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ እሳቱ አይጠፋም። ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመርታል፣ ሽታ የለውም። «ፍሙ ቤት ያሙቅልን» ተብሎ ማታ ወደ ቤት አይገባም። ከዚህ ላይ ክርክር የለም።

ሳምንት 5፦ ግማሽ በርሜል፣ አንድ ጉሮሮ

ባለ 200 ሊትር በርሜል፣ ግማሹ 1,500 ብር። የሞተር ዘይት ነበረበት። ቅሪት ያለበትን በርሜል በግራይንደር መቁረጥ ፈንጂ መንካት ነው፤ ሁለቱም ክዳኖች ተከፍተው፣ በፍል ውሃና በኦሞ ታጥቦ፣ እስከ መቁረጫው መስመር ውሃ ተሞልቶ ነው የተቆረጠው። ከታች 34 ሴ.ሜ ቀረ። ወርዱ 57 ስለሆነ 58ቱ ምጣድ ጠርዙ ላይ ልክ ይቀመጣል፣ በርሜል የተመረጠውም ለዚህ ነው።

ሙሌት 20 ሴ.ሜ፣ መሃል ላይ አንድ ጉሮሮ። ውጤቱ ገና ሳይሞከር መገመት ይቻል ነበር። ምጣዱ ለመጋል 50 ደቂቃ ፈጀ። መጀመሪያ የፈሰሰው ሊጥ መሃሉ ላይ ወዲያው ዓይን አወጣ፣ ዳሩ ግን ነጭ ሊጥ ሆኖ ቀረ። አክንባሎው ሲነሳ መሃሉ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ዳሩ ሰፌድ ላይ ይጣበቃል። አራት ተጋግሮ ቆመ።

ሳምንት 6፦ ሦስት ጉሮሮ

ሦስት ቱቦ፣ ከመሃል 8 ሴ.ሜ ርቀት ላይ በሦስት ማዕዘን። እያንዳንዱ የራሱ አፍ አለው። የመጀመሪያው ሰዓት ደካማ ነበር፣ ቢሆንም ዳሩም ይበስላል። በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ላይ ሦስቱ ጉሮሮዎች በመሃል ተገናኙና ግድግዳው በአንዴ ወደቀ። ነበልባሉ በጠርዙ ዙሪያ ወጣ፣ ቀጥሎ ጭስ ሆነ።

ምክንያቱ የስሌት ስህተት ነው። ከጣሳው ሙከራ ግድግዳው በሰዓት ወደ 2 ሴ.ሜ ተኩል እንደሚበላ ይታወቃል (12 ሴ.ሜ በ5 ሰዓት)። በሁለት ጉሮሮዎች መካከል የነበረው ግድግዳ 9 ሴ.ሜ አይሞላም፣ የሚበላው ደግሞ ከሁለት ወገን ነው። 3 ሴ.ሜ ሲቀር አይቆምም። ጉሮሮዎቹ መራቅ አለባቸው፤ ምን ያህል የሚለው ከሽፋኑ በኋላ ይወሰናል።

ሳምንት 7፦ የጭቃ ሽፋንና የተረፈው ሰጋቱራ

የበርሜሉ ጎን በጣም ይግላል፣ ቀሚስ ያቃጥላል፣ ሙቀትም ያባክናል። በውስጥ በኩል 3 ሴ.ሜ ጭቃ ተለሰነ፦ ሁለት ጣሳ የሸክላ አፈር፣ አንድ ጣሳ የተነፋ ሰጋቱራ፣ ግማሽ ጣሳ የጤፍ ጭድ፤ ረግጦ አራት ቀን ማቡካት። ጭቃው ውስጥ ያለው ሰጋቱራ በመጀመሪያው እሳት ነዶ ይወጣና ቀዳዳ ቀዳዳውን ይተዋል፣ ሙቀት የሚይዘው እሱ ነው። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ የዋለው ክፍል ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ፣ በቀጭን ጭቃ ተደፈነ።

እስኪደርቅ ድረስ የተረፈው ተስተካከለ። ፍቅፋቂው ለዶሮ ቤት ተሰጠ፣ ለጉዝጓዝ ከሰጋቱራ ይሻላል፤ 6 ወይም 7 ሴ.ሜ ውፍረት፣ ሲረጥብ መገልበጥ፣ እስኪያገማ አለመጠበቅ። የላመው ለጋራዥ ወለል፣ ዘይት ሲፈስ መጠጫ። (ይህ ከዘይቱ ጋር ማዕዘን ውስጥ አይከመር፤ በተልባ ዘይትና በቫርኒሽ የራሰ ሰጋቱራ ያለ ክብሪት ይነዳል።)

የሻገተው ሥር 10 ኪሎ ያህል ለብስባሽ ሄደ። ሰጋቱራን ደረቁን አፈር ውስጥ መቅበር አትክልቱን ያቢጫል፤ የሚያበሰብሱት ተዋሕስያን ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ይሻማሉ። ስሌቱ፦ 10 ኪሎ ደረቅ ሰጋቱራ 5 ኪሎ ያህል ካርቦን አለው፣ ናይትሮጅኑ ግን 10 ግራም ገደማ ነው። ለብስባሽ ካርቦን ለናይትሮጅን 30 ለ1 ይፈለጋል፣ ማለትም 167 ግራም። ጉድለቱ 157 ግራም፤ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ 340 ግራም ዩሪያ። በሦስት ጊዜ ተከፍሎ፣ በውሃ ተበጥብጦ ይረጫል፤ በአንዴ ከፈሰሰ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፣ ሽታው ይናገራል።

ሳምንት 8፦ ጭስ ማውጫና ጋገራ

አዲሱ አቀማመጥ፦ ጭቃው ከተለሰነ በኋላ የውስጡ ወርድ 51 ሴ.ሜ። ጉሮሮዎቹ ከመሃል 13 ሴ.ሜ፣ ቱቦው 75 ሚሊ። በመካከላቸው 15 ሴ.ሜ ግድግዳ፣ እስከ ጭቃው 9 አይሞላም፤ ሁለቱም ወገን በ3 ሰዓት አካባቢ እኩል ያልቃል። ወፍራሙ ቱቦ የመጀመሪያውን ሰዓት ድክመት ለማሳጠር ነው። ሙሌት 20 ሴ.ሜ፣ ወደ 9 ኪሎ።

ምጣዱ ጠርዙን ስለሚዘጋ ጭስ ማውጫ ግድ ነው። በስተኋላ 10 ሴ.ሜ ቱቦ፣ 2 ሜትር ቁመት። የመጀመሪያው ጋገራ ላይ ስበቱ እሳቱን በሙሉ ወደ ኋላ ጎተተው፦ የኋላው ዳር ቡናማ፣ የፊቱ ጥሬ። የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ግማሹን የሚሸፍን ላሜራ ተበየደ፣ ነበልባሉ ዞሮ እንዲወጣ። መሃል ላይ ደግሞ 20 ሴ.ሜ ክብ ላሜራ ባለ 8 ፌሮ እግር ላይ ተቀመጠ፣ ከምጣዱ 6 ሴ.ሜ ዝቅ ብሎ።

ሁለተኛው ጋገራ፦ ምጣዱ በ30 ደቂቃ ደረሰ። የጎመን ዘር ማሰሻው ሲነካው ወዲያው ጭስ አለ፣ የመጀመሪያው ሊጥ ዓይን አወጣ። ለሁለት ሰዓት ከሩብ 38 እንጀራ ወጣ። ከ25ኛው በኋላ እሳቱ በረታ፤ ሁለት እንጀራ ሥሩ አረረ። ሦስቱም በሮች ወደ ግማሽ ተዘጉ፣ ለመብረድ ግን አሥር ደቂቃ ወሰደ። በሩ የሚነካው ከማረሩ በፊት፣ እንጀራው ቶሎ ቶሎ መነሳት ሲጀምር ነው።

ማታ 2 ሰዓት ላይ አመዱ ገና ይፋጃል። ውሃ ማፍሰስ ጭቃውን ይሰነጥቃል። አመድ ተነስንሶበት፣ በአሮጌ ምጣድ ተከድኖ፣ ሜዳ ላይ አደረ። የሰጋቱራ ማዳበሪያዎቹ ከምድጃው አምስት ሜትር ርቀው፣ ከነፋሱ በተቃራኒ።

ሳምንት 9፦ ሂሳብና የቀረ ሥራ

ሰጋቱራ 300፣ መጓጓዣ 250፣ ጣሳ 200፣ ግማሽ በርሜል 1,500፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ 900፣ ብየዳ 350፣ የግራይንደር ዲስክ 180፣ ብሎንና ዳዶ 120። ድምር 3,800 ብር። ፒቪሲው ከቧንቧ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ነው። አንድ ጋገራ 9 ኪሎ ይፈጃል፣ በደረቁ ማዳበሪያ ዋጋ 25 ብር ገደማ፤ ድካሙ አልተቆጠረም፣ መሙላቱ ብቻ 40 ደቂቃ ነው።

የጣሳው ሥር ከአሥራ አንድ እሳት በኋላ መሳሳት ጀምሯል፣ በአፉ ዙሪያ ዝገቱ በጥፍር ይላጣል። ቀጣዩ ጣሳ ከታች 3 ሴ.ሜ ጭቃ ይለሰንበታል፣ አፉም በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

በበርሜሉ ስተግራ፣ ከሁለተኛው አፍ በላይ፣ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ አሁንም ይገረጣል። ሁለት ጊዜ ጉሮሮው ተጠርጓል፣ አልተለወጠም። የሚጠረጠረው የጭቃው ስንጥቅ ነው፤ ከዚያ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ሳምንት 10 ላይ ተደፍኖ ይታያል።